የእህል ጉድጓድ ትንፋሽ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ ላይ የቆምከውም ግባ፣ ቦታ አይጠፋም፤ እግርህን ሰብሰብ አድርገህ ከጎኔ ተቀመጥ። ዛሬ የማወራችሁ የጥንት ሰው የሚበላውን እንዳይበላሽበት እንዴት አድርጎ ያስቀምጥ እንደነበረ ነው። «ይሄ ደግሞ ምኑ ይወራል?» እንዳትሉኝ። እኔ እዚህ ዕድሜ የደረስኩት ሴትዮ ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

በዚያ ዘመን ማቀዝቀዣ የለ፣ ጣሳ የለ፣ መድኃኒት የለ። ሰው ከዝንብ፣ ከነቀዝ፣ ከሻጋታና ከአይጥ ጋር ሲሻማ ነው የኖረው። ሥጋውን በስሱ ዘልዝሎ፣ በጨው አሽቶ፣ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ይሰቅለዋል። ፍራፍሬውን ጣራ ላይ ያሰጣዋል። ማር ያገኘ ደግሞ ማር ውስጥ ይደፍቀዋል። እህሉንስ? እህሉንማ መሬት ቆፍሮ ይቀብረዋል። አዎ፣ ይቀብረዋል።

አንዲት ምራት ነበረች። የመጣችው ከሐይቅ ዳር ነው፤ አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበር። በእነሱ ቤት ምግብ የሚቀመጠው ከላይ ነው፤ ዓሣው ተሰንጥቆ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ ገመድ ላይ እየተንጠለጠለ ነፋስ ያደርቀዋል። መረብ ከውሃው በታች ድንጋይ ሲይዘው ጠልቃ የምታላቅቀው እሷ ነበረች። ትንፋሿን ያዝ አድርጋ ትወርድና፣ ላይ ያሉት «ምን ሆነች?» ማለት ሲጀምሩ ብቅ ትላለች።

ውሃ አያስፈራትም። ከውሃ ውጭ ያለው ሁሉ ግን ያስፈራታል። ክዳን ሲወድቅ ትዘላለች፣ ድመት ከኋላዋ ስታልፍ «እናቴን!» ትላለች። ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ማለት ነው፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነበርና ገና ወሯ ሳይሞላ «ድንጉጥ» ብሎ ስም አወጣላት። ስሙም ተለጠፈባት። አማቷ ሳይቀሩ «ድንጉጥ ልጄ፣ እስቲ ምርኩዜን አቀብይኝ» ይሏት ነበር።

ከሁሉ አብልጣ የምትፈራው ግን ጓዳ ውስጥ ያለውን ጉድጓድ ነው።

የሌላው ሰው ጉድጓድ ደጅ ነው የሚቆፈረው። የእነሱን ግን የባሏ አያት ዝናብም ሌባም እንዳያገኘው ብለው ጓዳ ውስጥ ቆፈሩት። ጓዳው መስኮት የለው፣ በሩ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት። የጉድጓዱ አፍ ጠባብ ነው፤ የአንድ ሰው ትከሻ ታክኮ የሚያልፍበት። ወደ ውስጥ ሲወረድ ግን እንደ እንስራ ሆድ እየሰፋ ይሄዳል። ግድግዳው በጭቃ ተለስኖ፣ እሳት ነድዶበት ጠጥሯል። እህሉ ከገባ በኋላ ጭድ ይነሰነስበታል፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደንበታል፣ ዙሪያው በጭቃ ይመረጋል። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ሰው በላዩ ይመላለስበታል። ድንጉጥ ግን ጓዳ ስትገባ ግድግዳ ግድግዳውን ታክካ ነው የምትሄደው።

አንድ ቀን አማቷን ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ እዚህ ውስጥ ነቀዝ የማይገባው ለምንድን ነው?»

«ይገባል እንጂ። ግን ይታፈናል።»

«ማን ያፍነዋል?»

«እህሉ ነዋ! እህል ይተነፍሳል ልጄ፤ ዝም ብሎ የተኛ መስሎሽ ነው? አፉን ስንመርግበት ያለውን ደህና አየር ይጨርስና ክፉውን ይተፋል። ከዚያ ነቀዝ የለ፣ ጉንዳን የለ፣ ሁሉም ባለበት ደርቆ ይቀራል። እህላችን የሚተርፈው በዚያ ነው።»

«ሰው ቢገባስ?»

«ለሰው ሥርዓት አለው» አሉ አማቷ። «ተከፍቶ እንዲናፈስ ይተዋል። ከዚያ መብራት በገመድ ይወርዳል። መብራቱ ከኖረ ሰውም ይኖራል። ከጠፋ ይጠበቃል። የሟቹ አባቴ ሥርዓት ነው፣ እስከ ዛሬ አላሳፈረንም።»

ድንጉጥ ከዚያ ወዲያ ጓዳ በገባች ቁጥር የሚታያት ያ ከእግሯ በታች ያለ ነገር ነው፤ በጨለማ ውስጥ አፉን ዘግቶ ቀስ እያለ የሚተነፍስ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ረዘመ። ወትሮ ጉድጓድ ሲከፈት አንዴ ነው፤ ያለው ሁሉ ተዝቆ ወጥቶ ጎታ ይገባል። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ጊዜ ሲከፍቱት ግን ከመሬት በላይ ያለው ሁሉ ረጥቧል፤ ግድግዳው ያልባል፣ ጎታው ሻግቷል። ስለዚህ ከላይ ከላዩ ቀንሰው መልሰው ከደኑት፣ መልሰው መረጉት። ያ ያወጡት እህል እያለቀ፣ እያለቀ ሄዶ አንድ ቀን ጠዋት አማቷ የጎታውን ታች በመዳፋቸው ጠርገው ያገኙትን አሳዩ፤ ጥቂት ፍሬና ብዙ አቧራ። ለቀን እንኳ አይበቃም።

«በሉ እንግዲህ፣ ዛሬ ይከፈት» አሉ።

ዝናቡ ለጊዜው አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ስለነበር የመንደሩ ሰው ሁሉ ለአረም ወጥቷል። መንገዱ ጭር ብሏል። ቤት የቀሩት አራቱ ብቻ ነበሩ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አማት፣ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ድንጉጥ።

ወንድማማቾቹ ጭቃውን ፈልፍለው ድንጋዩን ፈነቀሉት። ሞቅ ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ ነገር ሽው አለ። ድንጉጥ ወደ በሩ ሸሸች። ከዚያ እንደ ሥርዓቱ ጠበቁ። ጓዳው ግን ነፋስ የማያገኘው ጓዳ ነው፤ ጠበቁ እንጂ ምን ተናፈሰ? ፀሐይዋ ከደጃፉ ስታልፍ ባሏ የሸክላውን መብራት አመጣ። መብራቱ የራሱ ገመድ አለው፤ አንደኛው ጫፍ አያትየው ግድግዳው ላይ በተከሉት ካስማ ላይ እንደታሰረ ነው፣ ማንም ፈትቶት አያውቅም። ባሏ ክሩን አቀጣጠለና ቀስ እያደረገ ለቀቀው። መብራቱ ወረደ፣ ወረደ፣ ገመዱ አለቀ። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ይነዳል።

«ኖረ!» አለ ዋርሳዋ።

ድንጉጥ ግን ዓይኗ ገመዱ ላይ ነበር። በአባቷ ታንኳ ላይ፣ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ታች ሲደርስ ይረግባል። ካልረገበ አልደረሰም። ይህ ገመድ አልረገበም። ተወጥሮ፣ መብራቱ በአየር ላይ እየተሽከረከረ ነው። አያትየው ገመዱን የለኩት ጉድጓዱ እስከ አንገቱ ሞልቶ ሳለ ነው፤ እህሉ ግን ዘንድሮ ታች ወርዷል።

ይህን ሁሉ እንዲህ እንደማወራው በቅጡ አላሰበችውም። የታያት የተወጠረው ገመድ ብቻ ነው። «ቆይ እስቲ፣ እሱ ነገር...» አለች።

«ምነው ድንጉጥ፣ መብራቱም አስፈራሽ?» አላት ዋርሳዋ። ባሏም ሳቅ አለ። አማትም ከደጅ ሆነው ሳቅ ሲሰሙ ሳቁ። ድንጉጥም አፍራ ነገሯን ተወችው።

ባሏ ትልቁን ገመድ በብብቱ ሥር አሰረ። ወንድሙ እግሩን ድንጋዩ ላይ አስደግፎ እየለቀቀ አወረደው። ትከሻው በአፉ ሲያልፍ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አያት፤ «የምትበይው ላወጣልሽ ነው፣ ምን ያስለቅስሻል?» አላት። ማልቀሷን ያወቀችው ያኔ ነው።

«ደረስኩ!» የሚል ድምፅ መጣ ከታች፣ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ ይመስል። «ደህና ነው። ገመዱን ፈትቻለሁ፣ በእሱው ቅርጫት ላክልኝ።»

ቅርጫቱ ወረደ። እህል ሲዛቅ ይሰማል፤ ሽር፣ ሽር። ቅርጫቱ ሞልቶ ወጣ፣ ዋርሳዋ ጨርቅ ላይ ገለበጠው። ደህና እህል ነው፣ ፍሬው ያበራል። አንድ ነቀዝ የለበትም። ድንጉጥ ያን የጠራ እህል ስታይ ደስ ሊላት ሲገባ ነቀዙን ያፈነው ነገር ትዝ አላት።

ከታች ሳል ተሰማ። «ራሴን ትንሽ...» አለ ባሏ። ከዚያ አንድ ነገር ለስለስ ብሎ ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያ ምንም።

«ወንድሜ» አለ ዋርሳዋ። «ሰማህ? ቅርጫቱን እየላክሁ ነው።»

ምንም።

«ይኸውልሽ» አለ ወደ እሷ ዞሮ፣ «አንቺን ሊያስደነግጥ ነው። ከእኔ የተማረው ነው። በል ተው፣ በቃህ!»

ዋርሳዋ በሆዱ ተኝቶ ወደ ውስጥ አየ። መብራቱ አሁንም እየነደደ፣ ቀስ ብሎ እየተሽከረከረ ነው። ከመብራቱ በታች ጨለማ ነው። ድንጉጥ ያ ቀልደኛ ፊቱ ሲለወጥ አየችው፤ እንደ አመድ ሆነ።

«ወንድሜ!» ብሎ ጮኸና እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰደደ።

ድንጉጥ እንዴት እንደዘለለች አታውቀውም። በጉድጓዱ አፍ ላይ በደረቷ ተዘረጋች።

«ተነሽ!»

«አትገባም!»

«ተነሽ እኮ ነው የምልሽ! ወንድሜ እየሞተ ነው!»

«ባሌም ነው! ከገባህ ሁለታችሁም ትቀራላችሁ። መብራቱ ታች አልደረሰም፣ አየሁት፣ ገመዱ አልረገበም!»

በፀጉሯ ይዞ ሊያነሳት ሞከረ። አማት በምርኩዛቸው እየተጎተቱ ከበሩ ደረሱ። «ምን ሆናችሁ? የት አለ ልጄ?» ነገሩ ሲገባቸው ምርኩዙ ከእጃቸው ወደቀ። «አስገቢው! ያውጣልኝ! አንቺ ሴትዮ፣ ልጄን ገደልሽብኝ!»

«እማማ፣ ጉድጓዱ ሁለቱንም ነው የሚወስድብዎት!»

ዋርሳዋ ፀጉሯን እንደያዘ፣ ወደ ካስማው ተስባ የመብራቱን ገመድ በጥርሷ ጭምር ፈታችው፤ ከትልቁ ገመድ ጋር ቀጠለችና ለቀቀችው። መብራቱ ወረደ። ከነበረበት ቦታ ትንሽ ዝቅ ሲል ነበልባሉ ተኮማተረ። ትንሽ ዝቅ ሲል ከክሩ ላይ ተነሳ፣ ተንሳፈፈ፣ ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ጭልም አለ። ሦስቱም አዩት። ዋርሳዋ ፀጉሯን ለቀቀ።

«ውሃ ነው» አለች። «የማይታይ ውሃ ነው፣ ታች ተኝቷል። እኔ እገባለሁ።»

«አንቺ?»

«አንተ ገብተህ ስሙን ትጠራለህ። ስትጠራው ትተነፍሳለህ። እኔ አልተነፍስም።»

የመብራቱን ገመድ ፈትታ ጣለች። የትልቁን ገመድ መካከል በወገቧ አሰረች፣ አንዱን ጫፍ ለዋርሳዋ ሰጠች፣ ሌላውን ረጅሙን ጫፍ በክንዷ ጠመጠመች። «ይህን ጫፍ እሱ ላይ አስራለሁ። ሦስቴ ስስብ እኔን አውጣ። ከዚያ አብረን እሱን እንስባለን። ካልሳብኩ...» አለችና ተወችው። ከበሩ ወጥታ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ፣ ደጋግማ በረጅሙ ተነፈሰች። ልጆቼ፣ «አልችልም» ብላ ጮክ ብላ ተናገረችም ይባላል። ተናግራ ግን ተመለሰች፣ አፏን ዘጋች፣ ገባች።

ሙቀት ነው። ሐይቅ ስትጠልቁበት ይቀዘቅዛል፤ ይህ ግን የከብት አፍ ውስጥ እንደመግባት ነው። የላዩ ብርሃን እየጠበበ ሄደ። እግሯ እህሉን ነካ፣ እስከ ጉልበቷ ሰመጠ። በእጇ ዳሰሰች። እህል። እህል። ግድግዳ። እህል። ዓይኗን ብትከፍትም ብትዘጋም ያው ነው። ወዲያው የሆነ ለስላሳ ነገር ነካችና ልትጮህ አፏ ሊከፈት ነበር። በሌላኛው እጇ ገጥማ ያዘችው። የባሏ ጆሮ ነው።

በግንባሩ ተደፍቷል። ልትገለብጠው ስትሞክር እህሉ እየተንሸራተተ መልሶ ይቀብረዋል። ደረቷ መቃጠል ጀመረ። ገመዱን በአንዱ ብብት ሥር አሾለከች፣ ከእህሉ በታች በእጇ እየፈለገች በሌላው አወጣችው። ቋጠሮው! ጣቶቿ ረሱት። ከሕፃንነቷ ጀምራ ስትቋጥረው የኖረችውን የመረብ ቋጠሮ ጣቶቿ ረሱት። በጆሮዋ ውስጥ ደሟ ይመታል፤ አንድ ድምፅ «አንዴ ብቻ ተንፍሺ፣ አንዴ ብቻ፣ ማን ያየሻል» ይላታል። የራሷ ድምፅ ነው። ቋጠረች። ይጥበቅ አይጥበቅ አታውቅም። ገመዱን ሳበች። ሳበች። ሳበች።

ወደ ላይ ስትሳብ አልቻለችም፤ ብርሃኑ ጋ ሳትደርስ ትንፋሿ ፈነዳ። ያ ኮምጣጣ ነገር ገባባት፣ ዓለም ዞረባት። ከዚያ የሚይዟት እጆች መጡ። ዋርሳዋ ገመዱን፣ አማት ልብሷን። በወለሉ ላይ ተዘረረች፤ እንደ ዓሣ አየር እየዋጠች «ሳቡ፣ ሳቡ» ትላለች። ድምፅ ግን አይወጣላትም።

ሦስቱም ገመዱ ላይ ተንጠለጠሉ። እኒያ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት መሬት ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ግድግዳ አስረግጠው ጎተቱ። ክብደቱ መጣ። መጣ፣ መጣ። ከዚያ ቆመ።

«ትከሻው ነው!» አለ ዋርሳዋ። «አፉ ላይ ያዘው!»

ዋርሳዋ ገመዱን ቢለቅ ባሏ ተመልሶ ይወድቃል። እናትየው ማጎንበስ አይችሉም። ድንጉጥ ያንን አፍ፣ ያንን ለዓመት ግድግዳ ታክካ ስትሸሸው የኖረችውን አፍ፣ እስከ ወገቧ ገባችበት። የባሏ ራስ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አንዱን ክንዱን ፈልጋ አገኘችና ከራሱ በላይ አድርጋ ሳበችው። አንደኛው ትከሻ አለፈ። ከዚያ ሌላኛው። ከዚያ ሁሉም ባንዴ በጀርባቸው ወደቁ፣ እሱም በላያቸው።

ወደ መንገዱ ጎትተው አወጡት። ከንፈሩ ጠቁሯል። እህል በአፍንጫው፣ በፀጉሩ፣ በጆሮው። አይተነፍስም።

«የለም» አለ ዋርሳዋ። «የለም፣ የለም።»

«ዝም በል!» አለችው ድንጉጥ። በሐይቁ ዳር ውሃ የበላው ሰው ሲወጣ እንደሚያደርጉት አደረገች፤ በጎኑ አስተኛችው፣ አፉን በጣቷ ጠረገች፣ መልሳ በጀርባው አስተኝታ በአፉ ውስጥ ተነፈሰችለት። ደረቱ ከፍ አለና ወረደ። ደግማ ተነፈሰች። አማት የልጃቸውን እግር አቅፈው መሬቱን በግንባራቸው ይመታሉ። ደግማ። ጭር ባለው መንገድ ላይ የሚሰማው የእሷ ትንፋሽ ብቻ ነው። ደግማ። ደግማ።

«ተይው ልጄ» አሉ አማት በመጨረሻ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። «ተይው በቃ።»

አልተወችም። ራሷን እያዞራት፣ ዓይኗ እየጨለመ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ተነፈሰችለት። ያኔ «ሕቅ» አለ። እንደ ሕፃን፣ ትንሽ ነገር። ከዚያ ሰውነቱ ሁሉ ተወጠረና ሳለ፣ አስታወከ፣ አቃሰተ።

ማንም አልጮኸም። እልልም አልተባለም። ፈርተው ነበር፤ ድምፅ ካሰሙ ተመልሶ የሚሄድ መስሏቸው። ዋርሳዋ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ይናጥ ነበር።

«ምን ሆኜ ነው?» አለ ባሏ ከብዙ ቆይታ በኋላ። «እህሉስ?»

«እህሉ እንደ ፍጥርጥሩ ይሁን» አሉት እናቱ።

ግን ሆድ ምን ያውቃል? መሸ፣ ራብ መጣ። የወጣችው ያቺ የአንድ ቅርጫት እህል ነበረች፤ እሷኑ ቀቅለው አቀረቡ። ዋርሳዋ አንድ ቀልድ ጀመረና መሐል ላይ ትቶት ማኘኩን ቀጠለ። አማት በእጃቸው ዘግነው ድንጉጥን ሊያጎርሷት ዘረጉ። «ልጄ፣ ቅድም ያልኩሽን...» አሉና እንባ ያዛቸው። ጎረሰችላቸው። መዋጥ ግን አቃታት። ፍሬው አፏ ውስጥ ሞቅ ብሎ፣ ጣፍጦ፣ አንድ ነቀዝ ሳይነካው ቁጭ አለ፤ እሷ ግን የጉድጓዱ ፍርሃት ገና አሁን ነው የደረሰባት። እጇን ከባሏ አፍንጫ ሥር አላነሳችም። በእያንዳንዱ ትንፋሽ መካከል ያለችው ዝምታ ረዘመችባት።

«ደህና ነኝ እኮ፣ ብይ እንጂ» አላት።

«አንተ ተንፍስ ብቻ» አለችው።

ይኸው ነው፣ ልጆቼ። ባሏ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረ፤ እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር እንጂ። ሁሉም ቤት ግን እንዲህ አልሆነለትም። ቤቱ ስለራበው ወደ ጉድጓድ ወርዶ ያልወጣ አባት፣ እሱን ላውጣ ብሎ የተከተለ ወንድም፣ በዚያ ዘመን ብዙ ነው። ስማቸውን የሚያውቅ የለም። እናንተ ማታ እራታችሁን ስትቀመጡ፣ ከአንዱ መኸር እስከ ሌላው መኸር እህል እንዲደርስ ስንት ሰው በፍርሃት እንደወረደ፣ እባካችሁ፣ ለአፍታ ያህል አስታውሱልኝ።